«ጸደቀ» ስንል ምን ማለታችን ነው?



በዐረብ አገር ሰነድ ያረጋገጠ ሁሉ «ተስዲቅ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። የልደት፣ የጋብቻ ወይም የትምህርት ማስረጃ ይዛችሁ በመስኮቱ ፊት ስትቆሙ የምትጠየቁት ማኅተም ነው። በአገራችንም ምክር ቤት አንድን ዐዋጅ ሲቀበለው «አጸደቀ» እንላለን፤ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው።

ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። የግእዙ ጸድቀ፣ የዐረብኛው ሰደቀ እና የዕብራይስጡ ጻደቅ ከአንድ ሥር የበቀሉ ሲሆኑ፥ በትርጉም ግን ጥቂት ተለያይተዋል። ዐረብኛው ወደ እውነተኛነት ያዘነብላል፤ ግእዙና ዕብራይስጡ ወደ ቅንነትና ወደ ፍትሕ። ስለዚህ በግእዝ «አጽደቀ» ማለት ዳኛ በፊቱ የቆመውን ሰው ጻድቅ ነህ ብሎ መፍረዱ ነው፤ ተቃራኒውም «ኮነነ» ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቀራጩ ጸድቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተሰጠው ይህ ፍርድ ነው። የትሬንቶ ጉባኤ በ1547 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከዚህም አልፎ፥ መጽደቅ የኃጢአት ስርየት ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሰው መታደስም መሆኑን አስተምሯል። በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት በዚህ አንድ ቃል ላይ ብዙ ወራት አሳልፈናል፤ ዛሬ በዜና ሲነገር ስሰማ ጆሮዬ ቀጥ የሚለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እንደ እኔ አስተያየት ቃሉ ለሚሠራበት ጉዳይ እጅግ ትልቅ ነው። ድምፅ ተቆጥሮ ያለፈ ሁሉ ቅን የሆነ ያስመስለዋል። ተስዲቅም የሚመሰክረው ለፊርማውና ለማኅተሙ እውነተኛነት እንጂ ለውሉ ፍትሐዊነት አይደለም።

በአንጻሩ ፍትሕ ያለበት ነገር ሳይጸድቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቤት ሠራተኞችን ስምምነት ቁጥር 189 ተቀብሏል። ስምምነቱ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፥ ሠራተኛዋም ፓስፖርቷን በእጇ የመያዝ መብት እንዲኖራት ይደነግጋል። የሚያስገድደው ግን ያጸደቀውን አገር ብቻ ነው። «ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ» ያለው ሰው ይህን ቢሰማ አይደነቅም።

ገበሬ ችግኙን በተከለ ዕለት «ጸደቀ» አይልም። ክረምቱ ወጥቶ፣ በጋው ገብቶ፣ ሥር መያዙን አይቶ ነው የሚለው። ከቃሉ አጠቃቀሞች ሁሉ ይህን እወዳለሁ።

በቅርቡ አንዲት እኅት ውሏን አምጥታ «አባ፥ ተስዲቅ አለው እኮ!» አለችኝ፤ ማኅተሙን በጣቷ እያሳየች። ዕረፍቷ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። ፓስፖርቷ ማን ዘንድ እንዳለም ጠየቅኋት።

ማዳም ዘንድ ነበር።