ያንን ገንዘብ አትክፈሉ

የምጽፈው ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው። ጠመኔ ጨብጣችሁ ላረጃችሁ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥታችሁ የልጅ ልጅ ለምታስጠኑ፣ በወላጅ ኮሚቴና በእድር ስብሰባ ቃላችሁ ለሚሰማ። ወጣቶቹን ለጊዜው ተዉአቸው፤ እነሱን የሚመክር ሞልቷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የእናንተ ነገር ነው።

በቅርቡ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከአንድ የጥንት ባልደረባችን ጎን ተቀምጬ ነበር። ስሙን አላነሳም። ብዙ ዘመን ያስተማረ ሰው ነው፤ በፈተና ክፍል ሲቆም ተማሪው አንገቱን ለማዞር የሚፈራው ተቆጣጣሪ ነበር። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ የሚታመን የቴሌግራም ቻናል አታውቅም?» አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው የልጅ ልጁ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል መድረሷን፣ ጓደኞቿ ሁሉ «ምንጭ» እንዳላቸው፣ እሷ ብቻ እንዳትቀር 3 ሺህ ብር ማዘጋጀቱን ነገረኝ። በጥያቄው አላፈረም። ያሳፈረው ምንጭ የሌለው መሆኑ ነበር።

እዚህ ደርሰናል። ስለ ፈተና ስርቆት ስናወራ የምንወቅሰው ልጁን፣ ስልኩንና ማኅበራዊ ሚዲያውን ነው። የ17 ዓመት ልጅ ግን 3 ሺህ ብር ከየት ያመጣል? ሻጩ ማንም ይሁን፣ ገዢው ቤት ውስጥ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠው ሰው ነው። ንግዱ የቆመው በእናንተ ኪስ ላይ ነው።

ንግዱ እንዴት እንደሚሠራ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ከተማሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ፈተናው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በምሽት አንድ መልእክት ይለጠፋል፤ «የእንግሊዝኛው ወጥቷል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር።» ከሥሩ ሆን ተብሎ የደበዘዘ የወረቀት ፎቶ አለ። ልጁ በውስጥ መስመር ሲገባ የቴሌብር ቁጥር ይሰጠዋል። ከፍሎ የደረሰኙን ስክሪንሹት ይልካል። ከዚያ በኋላ የሚመጣለት ወይ ዓመተ ምሕረቱ የተቀየረ የድሮ ፈተና ነው፣ ወይ «ይህ የመጀመሪያው ገጽ ነው፣ ለቀሪው ጨምር» የሚል ጥያቄ ነው፣ ወይም ምንም ነው፤ አካውንቱ ተሰርዞ ባዶ ስም ብቻ ይቀራል። ልጁም ሆነ አያቱ ፖሊስ ጣቢያ አይሄዱም። ምን ብለው ያመለክታሉ? የተሰረቀ ፈተና ልገዛ ስል ተታለልኩ ብለው? አጭበርባሪው ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከደንበኛው ኀፍረት የበለጠ ዋስትና የለውም።

ከዚህ የባሰ አንድ ብልሃት አለ፤ ይህን ለይታችሁ ብታውቁት እወዳለሁ። በቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈን መልእክት ባለቤቱ ቆይቶ ሊያርመው፣ ፎቶውን እንኳ አውጥቶ በሌላ ሊተካው ይችላል። የተለጠፈበት ቀንና ሰዓት ግን የመጀመሪያው እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ አጭበርባሪው በፈተናው ዋዜማ አንድ የማይረባ ነገር ይለጥፋል፤ «መልካም ዕድል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፎቶ ሊሆን ይችላል። በማግስቱ ተፈታኙ ወጥቶ ጥያቄዎቹ በእጁ ሲገቡለት ያንን ፎቶ አንስቶ እውነተኛውን ፈተና በቦታው ይከተዋል። ልጆቹ ይከፍቱታል፤ «ትናንት ማታ ለቆት ነበር! ለምን አላመንነውም!» ይላሉ። ከሰዓቱ አጠገብ «ኤዲትድ» የምትል ደቃቃ ጽሑፍ አለች፤ ስክሪንሹት ሲሠራ እሷንም ቆርጦ ይጥላታል። ለሚቀጥለው ትምህርት ፈተና የሚከፍለው ሰው ቁጥር በአንድ ሌሊት ያድጋል።

ይህ ተራ ማታለል ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በሕንድ አገር በጁን 2024 «ዩጂሲ ኔት» የሚባለው የኮሌጅ መምህርነት መመዘኛ ፈተና ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከወሰደው በኋላ በማግስቱ ተሰረዘ፤ ምክንያቱ አስቀድሞ በኢንተርኔት ወጥቷል መባሉ ነው። ቆይቶ የማዕከላዊ መንግሥቱ የምርመራ ቢሮ ሲያጣራ ለማስረጃ የቀረበው የቴሌግራም ስክሪንሹት ተነካክቶ የተሠራ ሆኖ አገኘው። አንድ የተቀባባ ፎቶ የዚያን ሁሉ ሰው ልፋት መና አስቀረ።

እኛ ዘንድ ውሸቱ እንዲታመን ያደረገው ግን አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ማለፉ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣ፤ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናው በሚጀመርበት ዕለት ሰረዘው። ሊፈተን የተዘጋጀው ከ250 ሺህ በላይ ተማሪ ነበር። ፈተናውን የለቀቁት በውጭ አገር የሚኖሩ አክቲቪስቶች በጊዜው ኦሮሚያ ውስጥ በተነሳው የፀረ መንግሥት ተቃውሞ ሳቢያ ለወራት ትምህርት የተቋረጠባቸው የክልሉ ተማሪዎች የመዘጋጃ ጊዜ ይሰጣቸው ሲሉ ቆይተው ነበር። የጥያቄያቸውን ፍትሐዊነት ዛሬ አልከራከርም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ማቆም ለመደ። መንግሥት በበኩሉ መዝጋትን ለመደ፤ በሐምሌ 2008 ፈተናው ሲደገም ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ፤ በ2009 ዓ.ም. በግንቦት ማብቂያና በ2011 ዓ.ም. በሰኔ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ጠፋ። ለአንድ ወረቀት ሲባል የአገር ሥራ ሲስተጓጎል አይተናል።

መዝጋት ምን እንደሚያስተምር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. አየነው። ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለአምስት ወራት ያህል ሲዘጉ ልጆቹ ቪፒኤን ጭነው እንደ ወትሮአቸው ቀጠሉ። ውጭ የቀረነው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። ያኔም ቢሆን ብዙዎቻችሁ «እሰይ» ስትሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ መዘጋት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደግሞ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛውሮ ነበር። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ በ2015 መግቢያ ብርድ ልብሱን ይዞ፣ ስልኩን ቤት ትቶ ግቢ ገባ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ «ይኸው፣ ቀድሞ ሁሉም በስርቆት ነበር የሚያልፈው» የሚል ሰው አለ። እኔ እንደዚያ አልልም። ኮሮናው፣ ጦርነቱ፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት፣ ደመወዙ የቤት ኪራይ የማይሸፍን መምህር፣ ሁሉም ድርሻ ድርሻቸውን ወስደዋል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ታየ፦ ልጁ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ሲቀመጥ በእጁ ያለው ምን ያህል እንደሆነ። ያ ባልደረባችን 3 ሺህ ብሩን ያዘጋጀው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

የሚያሳዝነው የልጅቷ ነገር ነው። አያቷ እንደነገረኝ በፊዚክስ ደህና ነች። «ምንጭ ይመጣል» የሚለው ወሬ ከተነገራት ወዲህ ግን ማታ ማታ የምታየው ቻናል ቻናሉን ሆነ። መልስ ነገ ይደርሳል ተብሎ ቃል የተገባለት ልጅ ዛሬ ጥያቄ ለምን ይሠራል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ጣይዋ ልጅቷ ሳትሆን አያቷ መሆኑ ብቻ ይለያል። የፈተናው ወረቀት እውነት ይሁን ሐሰት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ተስፋው ራሱ ጥናቱን ይበላዋል።

እንግዲህ «ስልኩን ቀሟቸው» የምትሉት ወገኖች መጣችሁ። እሱም አይሆንም፤ ምክንያቱን ታገሡኝና ስሙ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የቻለው ትምህርት ቤት የማስታወሻውን ገጽ በስልክ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ለተማሪው መላክ ጀመረ። ዕድሉን ያገኙት አብዛኞቹ የከተማና የግል ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ፤ የገጠሩ ልጅ በራዲዮ ብቻ ቀረ፣ ያውም ካለው። በሽታው አለፈ፤ ግሩፖቹ ግን አልፈረሱም። ቀጥሎ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣና መጽሐፉ በኅትመት ለሁሉም ሳይዳረስ ቆየ። መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ የሚያነበው ከስልኩ ላይ ነው፤ ያንን ፒዲኤፍ ያገኘውም ከቴሌግራም ነው። ስልኩን ስትነጥቁት መጽሐፉንም ነጠቃችሁት። እዚያው ውስጥ ደግሞ በነጻ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፦ አንድ ወጣት መምህር ማታ ራቱን በልቶ የስቶይኪዮሜትሪ ጥያቄ በእስክሪብቶ ሠርቶ ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ፣ ልጁ ያልገባው መስመር ላይ ቀስት አድርጎ ሲጠይቀው በድምፅ የሚመልስ። ያን ሳይ በሙያዬ ኮርቻለሁ።

ልዩነቱን ማየት ከባድ አይደለም። ግሩፕ ውስጥ ልጁ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ይከራከራሉ፤ ቻናል ላይ ግን ባለቤቱ ብቻ ይናገራል፣ የቀረው ይሰማል። መማር ያለው የመጀመሪያው ዘንድ ነው፤ ፈተና ሻጩ ሱቁን የከፈተው ሁለተኛው ላይ ነው። ችግሩ አንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሩ ነው። የጥናት ግሩፕ ሲሰፋና ብዙ ሺህ ሰው ሲገባበት፣ የሚቆጣጠረው ትልቅ ሰው ካጣ፣ አንድ ቀን አስተዳዳሪ ነኝ የሚል የማይታወቅ ስም ይገኝበታል። ከጥናቱ መሀል ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያው መሀል «ወጥቷል» የሚለው ወሬ ይገባል። ያ ቦታ ለምን ባዶ ሆነ? የአገር ጡረተኛ መምህር ቡና እየጠጣ «ይህ ትውልድ ጠፋ» እያለ ስለተቀመጠ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የመጣ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ሲመጣ፣ መምህሩ ማሽን ከፍቶ የሚቆም ሰው ሆነ። ልጁ እንግሊዝኛው ፈጥኖበት እያለ ስክሪኑ አይጠብቀውም፤ እኛም ማቆሚያ አልተሰጠንም። ያኔ ማጉረምረም እንጂ ምንም ማድረግ አልቻልንም፤ ውሳኔው ከላይ ነበር። ዛሬ ግን ከላይ የመጣ ትእዛዝ የለም። ስልክ አላችሁ፤ ልጆቻችሁ ከአሜሪካና ከዓረብ አገር የላኩላችሁ፣ ከእኔው የሚበልጥ ስልክ። ሰርግ ታዩበታላችሁ፣ ስብከት ትሰሙበታላችሁ፣ ያልተጣራ ወሬ ለመቶ ሰው ታስተላልፉበታላችሁ። አንድ የሰፈር ልጅ የሒሳብ ጥያቄ ግን አልደረሳችሁም፤ ቁጥራችሁን የሚያውቅ የጥናት ግሩፕ የለምና።

ሌላ ልነግራችሁ የሚገባ ነገር፦ ስትከፍሉ ልጁ ያያችኋል። በዘመናችን ኩረጃ ነበር፤ አልነበረም የሚለኝ ይዋሻል። ጫማ ሥር ተደብቋል፣ ጭን ላይ ተጽፏል። ነገር ግን ልጁ ከአባቱ ደብቆ ነበር የሚያደርገው፤ አባቱ ቢደርስበት ምን እንደሚከተለው ያውቃል። ዛሬ አባትና አያት ራሳቸው ከፋይ ሲሆኑ የሚደበቅበት ሰው ጠፋ። ነገ ይህ ልጅ ሐኪም ሆኖ መድኃኒት ሲያዝ፣ መሐንዲስ ሆኖ የሲሚንቶ መጠን ሲወስን፣ ከእናንተ የወሰደው ፈቃድ አብሮት ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው በዚህ ጊዜ የሚያገኘው መካሪውንም ነው።

ዘንድሮም ፈተናው ሲቃረብ ያ መልእክት ቤታችሁ መድረሱ አይቀርም። ልጁ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ አትቆጡ፤ ስልኩን ይዞ አጠገባችሁ ይቀመጥ። ቻናሉን አስከፍቱትና መልእክቶቹን በጣት እየገፋችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ አምና ፈተና ሰሞን አብራችሁ ሂዱ። አምና ከፈተናው በፊት የለጠፈው ምን ነበር? «ኤዲትድ» የምትለዋ ጽሑፍ ከየትኞቹ ሰዓቶች አጠገብ አለች? አምና ለ12ኛ ክፍል ቃል የገባው ሰው ቃሉን ስለመጠበቁ የመሰከረ አንድ ስም ያለው ልጅ አለ? አንዳንዱ ቻናል ላይ ወደ ኋላ ስትሄዱ ያለፈው ዓመት ጭራሽ ባዶ ነው፤ ተጠርጎ ጠፍቷል። አንዳንዱ ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት በሌላ ስም የእግር ኳስ ውርርድ ግምት ሲሸጥ ታገኙታላችሁ። ልጁ ራሱ አንብቦ ይንገራችሁ። ከዚያ 3 ሺህ ብሩን በምን ላይ ማዋል እንደሚሻል እሱኑ ጠይቁት፤ የኔው የልጅ ልጅ የኬሚስትሪ አስጠኚ ነው የመረጠው።