«ባለሙያዎቻችን የመረጧቸው» የሚለው ዝርዝር

ሰሞኑን እንግሊዝ አገር ነርስ የሆነች የድሮ ተማሪዬ ከስልኳ ላይ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ገንዘብ የምታስቀምጥበት የኢንቨስትመንት አፕ «ባለሙያዎቻችን የመረጧቸው» ብሎ የደረደራቸው ፈንዶች ናቸው። «ቲቸር፣ የቱን ልግዛ?» እኔ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም፤ ይሄን ግዢ አልላትም። ግን ዝርዝሩን ሳየው አንድ ነገር ቅር አለኝ።

ያለፉት አምስት ዓመታት ትርፍ በትልቁ ተጽፏል። ዓመታዊ ክፍያው ግን ገብታ ካልፈለገችው አይታይም። እኔ ብሆን ገልብጬ ነበር የምጽፈው። ትርፉ ያለፈ ነገር ነው፣ ይደገም አይደገም ማንም አያውቅም። ክፍያው ግን ፈንዱ ቢያተርፍም ቢከስርም ይቆረጣል።

በሉ እናስላው። 10,000 ፓውንድ ለ30 ዓመት ተቀመጠ፤ ገበያው በየዓመቱ 7 በመቶ አደገ እንበል (ለስሌት ነው፣ ቃል የሚገባ የለም)። አፑ ለራሱ 0.35 በመቶ ይወስዳል። አክሲዮን የሚመርጥ ሥራ አስኪያጅ ያለው ፈንድ 0.9 ቢያስከፍል፣ ድምሩ 1.25 ነው፤ መጨረሻ ላይ 53,500 ፓውንድ ገደማ ይገኛል። ኢንዴክስ ፈንድ ደግሞ መራጭ የለውም፤ በገበያው መለኪያ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች እንዳሉ ይገዛል፣ ስለዚህ ርካሽ ነው። 0.15 ቢያስከፍል ድምሩ 0.5፣ መጨረሻው 66,100 ገደማ። ልዩነቱ 12,600 ፓውንድ! መጀመሪያ ካስቀመጠችው ይበልጣል እኮ።

«ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ልዩነቱን አይሸፍነውም ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። የሚሸፍን አለ። ችግሩ ማን እንደሆነ ቀድሞ ማወቁ ላይ ነው። እዚያው እንግሊዝ ኒል ውድፎርድ የሚባል ስመ ጥር ሥራ አስኪያጅ ነበር። ፈንዱ በ2017 ከ10 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ውጤቱ ተበላሸ፣ ሰውም ገንዘቡን ማውጣት ጀመረ። ፈንዱ ግን ቶሎ የማይሸጡ የትንንሽ ኩባንያዎች አክሲዮን ይዞ ስለነበር በሰኔ 2019 መግቢያው ላይ በሩን ዘጋ። ከ300,000 በላይ ሰዎች ገንዘባቸው ተያዘ። በሩ ተዘግቶም የሥራ አስኪያጁ ክፍያ መቆረጡን አላቆመም። የአገሪቱ ትልቁ የኢንቨስትመንት መድረክ ሀርግሪቭስ ላንስዳውን ይሄንን ፈንድ ከሚመክራቸው ፈንዶች ዝርዝር ያወጣው መቼ መሰላችሁ? በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ሁሉም መድረክ አታላይ ነው እያልኩ አይደለም። በሺህ ከሚቆጠር ፈንድ ጥቂቱን ለይቶ ማሳየት ለጀማሪ ይጠቅማል። ግን እቁብ ስንገባ እንኳ ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ጸሐፊው ስንት እንደሚያገኝ እንጠይቅ የለ? እዚህ ጋ ምነው ዝም አልን?

ኢንዴክስ ፈንድም ቢሆን ከመውደቅ አያድንም። በ2008 የአሜሪካው ኤስ ኤንድ ፒ 500፣ የትርፍ ክፍፍሉ ተጨምሮበት እንኳ፣ 37 በመቶ ወርዷል። በሚቀጥለው ዓመት ለቤት ኪራይ የምትፈልጉትን ብር እዚያ አታስገቡ።

ለልጅቷ «የያንዳንዱን ፈንድ ዓመታዊ ክፍያ፣ ከአፑ ክፍያ ጋር ደምረሽ ላኪልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። እስካሁን የሦስቱን አግኝታለች፤ አራተኛውን እየፈለገች ነው።