ሁለተኛው ትሉሽ ለምን አነሰ?



«ሁለት ቦታ እየሠራሁ ገንዘቡ ለምን አልበረከተም?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። ጠዋት በሕፃናት መዋያ፣ ማታ በጽዳት የምትሠራ እናት ከሁለተኛው ሥራዋ 2,000 ሼቄል ጠብቃ እጇ ላይ የሚገባው የዚያ ግማሽ ያህል ይሆንባታል። አሠሪው በላኝ ብላ ታዝናለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን የቆረጠባት ማስ ሀክናሳ፣ ማለትም የገቢ ግብር ነው፤ የተቆረጠውም ከሚገባው በላይ ነው።

ሥራ ሲጀመርና በየዓመቱ በጥር ወር ቶፌስ 101 የሚባል ቅጽ ይሞላል። ብዙ ሰው «እዚህ ላይ ፈርሚ» ሲባል ሳያነብ ይፈርማል። ቅጹ የሚጠይቀው ግን ትልቅ ነገር ነው፦ ሌላ ሥራ አለዎት? ስንት ልጆች አሉዎት? አገር የገቡት መቼ ነው? በመልሱ መሠረት ነኩዶት ዚኩይ የሚባሉ፣ ግብር የሚያስቀንሱ ነጥቦች ይታሰባሉ። ለእስራኤል ነዋሪ 2.25 ነጥብ፣ ለሴት ተጨማሪ ግማሽ ነጥብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 አንዱ ነጥብ በወር 242 ሼቄል ግብር ያስቀራል። ከ2022 ወዲህ የገባ ኦሌ ደግሞ ለአራት ዓመት ተኩል ተጨማሪ ነጥቦች ስላሉት የቴውዳት ኦሌ ቅጂ ከቅጹ ጋር ይስጥ።

ነጥቦቹ የሚታሰቡት በአንድ አሠሪ ዘንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው አሠሪ ቴኡም ማስ የሚባለው ወረቀት ካልቀረበለት እስከ 47 በመቶ ይቆርጣል። እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው ደመወዝ 5,000፣ ሁለተኛው 2,000 ቢሆን ከሁለተኛው 940 ሼቄል ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግን በ2025 ስሌት ግብሩ 700 ነው፤ የእናቲቱ 2.75 ነጥብ 665 ሼቄል ከሃምሳ አጎሮት ያስቀርላታል። የሚቀርባት ግብር 34 ሼቄል ተኩል ብቻ ነው፤ ያውም የልጆችና የኦሌነት ነጥቦች ሳይጨመሩ!

ቴኡም ማስ በማስ ሀክናሳ ቢሮ ወይም በግብር ባለሥልጣኑ የኢንተርኔት ገጽ ያለ ክፍያ ይሠራል። የሁለቱንም ሥራ ትሉሽ ይያዙ። በየዓመቱ እንደገና መደረግ አለበት።

ያለፈውም ቢሆን አልጠፋም። ተርፎ የተቆረጠ ግብር እስከ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ይጠየቃል፤ የ2021 ዓመት ሂሳብ እስከ 2027 መጨረሻ ድረስ ማለት ነው። ለዚህ አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠው ቶፌስ 106 ያስፈልጋል። አገር ቤት የመሬት ግብር ደረሰኝ በሣጥን ይቀመጥ እንደነበረ ይህንንም እንደዚያው ያስቀምጡት። ስልክ ደውለው «ገንዘብዎን እናስመልስልዎ» የሚሉ ሰዎች ከሚመለሰው ላይ ድርሻ ይወስዳሉ። ለአንድ ተራ ደመወዝተኛ ያን ያህል የሚያስከፍል ሥራ ነው ብለን አናምንም።

እንጀራ እየጋገራችሁ ለምትሸጡ እህቶቻችንም አንድ ቃል። ኦሴክ ፓቱር ማለት ከማዓም ነፃ ማለት እንጂ ከገቢ ግብር ነፃ ማለት አይደለም። በ2025 ዓመታዊ ሽያጩ እስከ 120,000 ሼቄል ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። ለገዢ ደረሰኝ መቁረጥ፣ በየዓመቱም ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው። የጤፉን መግዣ ደረሰኝም አትጣሉት፤ ለሥራው የወጣ ወጪ ከገቢው ላይ ሊቀነስ ይችላል።