«ለልጆቼ ብዬ ነው»

የዛሬዋ ረዘም ትላለች፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። (እንዳነሳው ፈቅዶልኛል። ሱሉልታ ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች የሚያስለየውን አውጥቻለሁ፤ እባካችሁ ኮሜንት ላይ «እገሌ ነው» እንዳትሉ።) አባቱ አርፏል። ቤት አለ፣ የሚከራይ ሱቅ አለ፣ በእሱና በእህቱ ስም ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አለ። አባትየው ደላላ ነበር፤ የመሬት አይደለም፣ የሰው። «ቲቸር፣ ልውረሰው ወይስ ልተወው?» ነው ጥያቄው።

እኔ ሒሳብ ነው ያስተማርኩት፤ ቄስም ጠበቃም አይደለሁም። ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከእሱ ሁለት ዴስክ ወደኋላ ይቀመጥ የነበረ ልጅ በሊቢያ በኩል ሄዶ ነበር። ቤተሰቡ በሬም መሬትም ሸጦ ነው ያስለቀቀው። የላከው ደላላ ማን እንደነበር እኔ አላውቅም። ተማሪዬም አያውቅም። የሚያስጨንቀውም ይሄው ነው።

የሰፈር ደላላ የሰንሰለቱ ትንሿ ቀለበት ናት። ከላይ እነ ኪዳኔ ዘካርያስና «ዋሊድ» የሚባለው ተወልደ ጎይቶም ነበሩ። ሊቢያ፣ ባኒ ዋሊድ መጋዘን ውስጥ ሰው አጉረው፣ ወላጅ በስልክ የልጁን ጩኸት እየሰማ ገንዘብ ያስልኩ ነበር። ኪዳኔ በ2012 የተያዘው አዲስ አበባ መንገድ ላይ አንድ ተጎጂ አይቶት ለፖሊስ ጠቁሞ ነው። በ2013 ከፍርድ ቤት አመለጠ፣ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ፤ ያገኙት የገንዘብ ዝውውሩን ተከትለው ነው። ዋሊድ ደግሞ 18 ዓመት እስርና 200 ሺህ ብር። እስሩስ ይሁን፤ 200 ሺህ ብር ግን የሁለት ልጅ ማስለቀቂያ እንኳን አይሞላም!

ሁሉም ሲጠየቁ የሚሉት አንድ ነው፦ ለልጆቼ ብዬ ነው። እስቲ ልጆቹ ምን አገኙ? ፓብሎ ኤስኮባር እንደ ፈረንጆቹ በ1993 ሲገደል፣ ሚስቱ የልጇን ነፍስ ለማትረፍ ከባሏ ጠላቶች ፊት ቀርባ ንብረቱን ማስረከብ ነበረባት። ልጁ ስሙን ቀይሮ አርጀንቲና ገባ፣ አርክቴክት ሆነ። ከዚያ ሁሉ ዶላር ቀድሞ የደረሰው የአባቱ ጠላት ነው። ጣሊያኖች ደግሞ በ1996 ባወጡት ሕግ ከማፍያ የተወረሰ ቤትና እርሻ ለሕዝብ አገልግሎት እንዲውል አደረጉ። ይሄኛው ያስቀናኛል።

እኛ ጋ ግን ደላላው ሲሞት ድንኳን ይሞላል፣ «ለልጆቹ የኖረ አባት» ይባላል። እኔም ለቅሶው ላይ ነበርኩ። እኔም ብያለሁ። ከየት እንዳመጣው እያወቅን ማለት ነው! ለእድሩ ሲያዋጣ፣ ለሠርግ ሲረዳ እጁን ስመን ተቀብለናል።

በ2017 የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ምንጩ ያልታወቀ ንብረትን ወደኋላ እስከ 10 ዓመት ሄዶ መጠየቅ ያስችላል። በልጅ ስም ማስመዝገብ ብቻውን እንደ ድሮው መደበቂያ አይሆንም። ጥሩ ነው፤ እደግፋለሁ። ግን መንግሥት ወርሶ ካዝናው ካስገባው በሬውን የሸጠው ገበሬ ምን አገኘ? መጀመሪያ መቆጠር ያለበት የእሱ ድርሻ ነው ባይ ነኝ። «ልጆቹም ይታሰሩ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ፤ በዚህ አልስማማም። ሲወለድ አባቱን መርጦ የመጣ የለም።

ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «የአባትህ ወንጀል ያንተ አይደለም። ንብረቱ ግን የአባትህም አልነበረም። ደብተር ካለ፣ የስልክ ቁጥር ካለ፣ የሐዋላ ወረቀት ካለ እንዳትጥል። የማን ልጅ ገንዘብ እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ ነው።»

ከሁለት ቀን በኋላ መለሰ። ደብተሩን አግኝቶታል። ስሞች አሉበት። «ቲቸር፣ እናቴ የምትኖረው በሱቁ ኪራይ ነው። እሷንስ ምን ልበላት?»

እስካሁን አልመለስኩለትም። ከተማሪዎቼ ውስጥ ጠበቃ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሆናችሁ አላችሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።