የሳይንስ ውድድር፡ ጎበዝ መምረጫ ወይስ ማስተማሪያ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በየዓመቱ የሚወጣው ውጤት የአገር መነጋገሪያ ሆኗል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሲሆን፣ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ መድረሱ መሻሻል ቢሆንም፣ ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ አሁንም ከግማሽ በታች ናቸው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚሞከሩት ነገሮች አንዱ የተማሪዎች የሳይንስ ውድድር ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በየፊናቸው ያዘጋጃሉ። ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ውድድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ቀድሞ የሚያውቀውን ተማሪ ለይቶ ይሸልማል፤ ሌላው ደግሞ የማያውቀውን ያስተምራል። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናዘጋጀው የመጀመሪያውን ነው።

የለመድነው ጥያቄና መልስ

የተለመደውን የትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ሁላችንም እናውቀዋለን። ከየክፍሉ ደረጃ የያዙ ተማሪዎች ይመረጣሉ። መድረክ ላይ ይቀመጣሉ። አቅራቢው ጥያቄውን ያነባል፤ ሰዓት ይቆጠራል፤ ፈጥኖ ያስታወሰ ነጥብ ያገኛል። በስም ቡድን ይባል እንጂ መልሱ የሚመጣው ከአንዱ ተማሪ አፍ ነው። ሌሎቹ ወንበር ያሟላሉ። አዳራሹን የሞላው ተማሪ ደግሞ አጨብጭቦ ይሄዳል።

የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን የተሻለ ቢሆንም የራሱ ችግር አለው። ከውጭ በመጣ መገጣጠሚያ የተሠራ ሮቦት የያዘ ተማሪና በካርቶንና በሽቦ የሠራ ተማሪ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ዳኛው ሳያስበው የሚመዝነው የወላጅን ኪስ ሊሆን ይችላል። ሥራው የተማሪው ይሁን የመምህሩ ለመለየትም አምስት ደቂቃ ጉብኝት አይበቃም።

የሌላው ዓለም ልምድ

በዓለም አቀፍ ደረጃም ቢሆን ቡድን የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ1959 በሮማኒያ የተጀመረው ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ከየአገሩ እስከ ስድስት ተማሪዎችን ይቀበላል። ነገር ግን እያንዳንዱ የሚፈተነው ለብቻው ነው፤ የአገር ደረጃ የሚባለው የነጥብ ድምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጃካርታ የተጀመረው የታዳጊዎች ሳይንስ ኦሊምፒያድ በአንፃሩ፣ የሙከራውን ክፍል ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው እንዲሠሩ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 በሶቪየት ኅብረት የተጀመረው ዓለም አቀፍ የወጣት ፊዚክስ ተማሪዎች ውድድር ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አሥራ ሰባት ጥያቄዎች ውድድሩ ከመድረሱ ከወራት በፊት ለሁሉም ይፋ ይደረጋሉ። የሚሰረቅ ፈተና የለም። ጥያቄዎቹም አንድ ትክክለኛ መልስ የላቸውም። አምስት አባላት ያሉት ቡድን ለወራት ይሞክራል፣ ይለካል፣ ይከራከራል። በግጥሚያው ዕለት አንዱ ቡድን የደረሰበትን ያቀርባል፤ ሁለተኛው ይሞግታል፤ ሦስተኛው የሁለቱንም ክርክር ይገመግማል። ከዚያም ሚና ይቀያየራሉ። ነጥብ የሚሰጠው ለአቅራቢው ብቻ ሳይሆን፣ ጥሩ ጥያቄ ለጠየቀውም ነው።

ከ2015ቱ እ.ኤ.አ. ጥያቄዎች አንዱ ለምሳሌ ቡና በስኒ ይዞ የሚራመድ ሰው ቡናው የሚፈስበትን ምክንያት የሚመለከት ነበር። የስኒው ቅርጽ፣ የእርምጃው ፍጥነትና ሌሎችም ነገሮች ምን ለውጥ ያመጣሉ? ይህን ለመመርመር ስኒ፣ ውኃ፣ ማስመሪያና ሰዓት ይበቃሉ። ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የቡና መገኛ በሆነች አገር የሚኖር የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህ ጥያቄ ባዕድ አይሆንበትም።

አንድ ለአምስት ምን ጎደለው?

ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን የማደራጀት ልምድ ለእኛ አዲስ አይደለም። በኢሕአዴግ ዘመን "አንድ ለአምስት" የተባለው አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ ገብቶ ነበር። ጎበዙ ተማሪ መሪ ሆኖ ሌሎቹን እንዲያስጠና ታስቦ ነው። አደረጃጀቱ በፖለቲካ ጥርጣሬ መታየቱ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ከትምህርት አንፃር ብቻ ብናየውም ጉድለት ነበረበት። ለቡድኑ አባላት የተሰጣቸው የጋራ ሥራ አልነበረም። እያንዳንዱ በመጨረሻ የሚመዘነው በግል ፈተና ነበር። ስለዚህ ጎበዙ አስጠኚ፣ ሌሎቹ ቀጂ ሆነው ቀሩ።

የጋራ ጥያቄ ሲኖር ሁኔታው ይለወጣል። የእንጀራን ዓይን የሚያበዛውና የሚቀንሰው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ እንውሰድ። የእርሾው መጠን፣ የሊጡ ውፍረት፣ የምጣዱ ሙቀት ተራ በተራ መለካት አለባቸው። አንዱ ተማሪ ይጋግራል፤ ሌላው ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ሠንጠረዥ ይሠራል። በሒሳብ ደካማ የሆነው ምናልባት በእጅ ሥራ ይበልጣል። ሞጋቹ ቡድን "ምጣዱ በየጊዜው እኩል መሞቁን በምን አወቃችሁ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ መልሱ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። የሠሩት ብቻ ናቸው የሚመልሱት።

ገንዘቡ የት ይዋል?

በርካታ አዘጋጆች ዋና ግባቸው ቡድን ወደ ውጭ መላክ ነው። በእርግጥ የአገርን ባንዲራ ይዞ መወዳደር ተማሪን ያኮራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን የተጀመረው የፈርስት ግሎባል የሮቦት ውድድርም ለየአገሩ ቡድን ተመሳሳይ መሣሪያ ማቅረቡና ቡድኖችን በጥምረት ማጫወቱ ይበል የሚያሰኝ ነው። በዚያው ዓመት ግን የአፍጋኒስታን ልጃገረዶች ሁለት ጊዜ ቪዛ ተከልክለው፣ የገቡት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጣልቃ ከገቡ በኋላ ነበር። የአውሮፕላን ትኬትና የቪዛ ጣጣ የዓመቱን በጀት በአምስትና በስድስት ተማሪ ላይ ሊጨርሰው ይችላል። በዚያው ገንዘብ በአንድ ከተማ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ መሥራት ይችላሉ።

የውጭው ጉዞ ይቅር ማለት አይደለም። መሠረቱ ከታች ሳይጣል የሚላክ ቡድን ግን የጥቂት ትምህርት ቤቶች ቡድን ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት የጉድኝት አሠራር አለ፤ የሳይንስ ክበቦች አሉ፤ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተቋቋሙ የስቴም ማዕከላትም አሉ። መስከረም ላይ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄዎች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች የማስተማሪያ ቋንቋዎች ቢወጡ፣ የጉድኝት ግጥሚያዎች የካቲት ላይ፣ የከተማ ወይም የዞን ግጥሚያ ሚያዝያ ላይ ሊካሄዱ ይችላሉ።

ደንቡ ግን ጥብቅ መሆን አለበት። አንደኛ፣ ቡድን የሚመረጠው በክፍል ደረጃ ሳይሆን በፍላጎት ይሁን፤ ሴት ተማሪዎችም ይካተቱ። ሁለተኛ፣ ለዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ይበጅለት። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል መድረክ ላይ የመናገር ግዴታ ይኑርበት። አራተኛ፣ መምህሩ በዝግጅት ይርዳ እንጂ በግጥሚያው ዕለት አይናገር።

ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም። መምህሩ በደመወዙ ኑሮን መግፋት አቅቶት ሳለ ቅዳሜውን ለክበብ እንዲሰጥ መጠየቅ አግባብ አይደለም። ስለሆነም ስፖንሰሮች ለዋንጫና ለቲሸርት የሚያወጡት ገንዘብ መጀመሪያ ለአሠልጣኝ መምህራን አበል ይዋል። ወላጆችም ለፈተና ዝግጅት የሚሆን ጊዜ ይባክናል ሊሉ ይችላሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን ሸምድዶ መፈተን ምን ያህል እንዳስኬደ የአራት ዓመታቱ ውጤት ይናገራል።

የዚህ ጋዜጣ አንባቢያንም ድርሻ አላቸው። ይህ ዓይነቱ ውድድር ከሁሉ በላይ የሚቸግረው ዳኛ ነው። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የባንክ ባለሙያውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ በዓመት ሁለት ቅዳሜ ቢሰጡ ብዙ ጉድኝቶች ዳኛ ያገኛሉ። የግል ትምህርት ቤቶችም የየራሳቸውን ዋንጫ ከሚያዘጋጁ፣ በአካባቢያቸው ካለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር አንድ መድረክ ቢጋሩ፣ ልጆቻቸው ከለመዱት ውጭ የሚሞግታቸው ያገኛሉ። ለመጪው መስከረም ጥያቄዎቹ እንዲደርሱ ከተፈለገ፣ አውጪዎቹ በዚህ ክረምት መቀመጥ አለባቸው።