ዘዴህን አስታውቅ

ሕግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ የሚለውን ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ከሁለቱም የተለየ ሕግ አለ። አድርግ አይልም፣ አታድርግም አይልም፤ ካደረግኸው ግን ለመንግሥት አስታውቅ ይላል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ነገሩ የሚመለከተው ቀጥተኛ ያልሆነውን ግብር ነው። ደመወዝተኛ የሆነ አንባቢ በየወሩ የሚቆረጥበትን ግብር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ እርሱ ቀጥተኛው ነው። ቀጥተኛ ያልሆነው በዕቃ ዋጋ ውስጥ ተቀላቅሎ ይከፈላል። እኛ አገር ከ2003 ጀምሮ በደረሰኝ ግርጌ ከመቶ 15 እየተባለ የሚታየው ተጨማሪ እሴት ታክስ የዚህ ወገን ነው። እንግሊዞች ይህን ግብር በ1973 ከመቶ 10 ብለው ጀመሩት፤ ከ2011 ወዲህ ከመቶ 20 ሆኗል። የዚህ ግብር ጠባይ፣ የሚከፍለው ገዢው ሆኖ ሳለ ለመንግሥት የሚያደርሰው ባለሱቁ መሆኑ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በባለሱቁ እጅ ያለው እንደ አደራ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን አደራ የሚያጎድሉ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ሽያጩን ከመዝገብ የሚያስቀር፣ ወይም ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነው፤ ይህ ግብር ሰዋሪ ይባላል፤ ከተያዘም የሚጠብቀው ቅጣት ነው። ሁለተኛው ግን መዝገቡ ንጹሕ ነው። ሕጉን ከመንግሥት ሠራተኛው አብልጦ አንብቦ፣ አንዱ አንቀጽ ከሌላው ጋር በማይገጥምበት ስንጥቅ ገብቶ ይወጣል። ይህን ግብር ሸሺ እንበለው። የእንግሊዝ ሕግ አስታውቅ የሚለው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሣ። ዴበንሃምስ የተባለው መደብር፣ ሱቆቹ በ2021 እስኪዘጉ ድረስ፣ በብሪታንያ ከተሞች እጅግ የታወቀ የልብስና የቤት ዕቃ ሻጭ ነበረ። በእንግሊዝ ሕግ አንዳንድ የገንዘብ አገልግሎቶች ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ ናቸው። ዴበንሃምስም በ2000 ይህን ይዞ አንድ ዘዴ አወጣ። ገዢው በካርድ ከከፈለ፣ ከሚከፍለው ከመቶ 2.5 የሚሆነው የዕቃው ዋጋ መሆኑ ቀርቶ፣ ካርዱን ለሚያስተናግድ ለሌላ ኩባንያ የሚሰጥ የአገልግሎት ዋጋ ነው ተባለ። ያ ሌላ ኩባንያ የራሱ የዴበንሃምስ ቤተሰብ ነበረ። ይኸው ቃል በሱቁ ማስታወቂያና ገዢው በሚፈርምበት ወረቀት ላይ ታተመ። የገዢው ሒሳብ ድምር ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረም፣ አልቀነሰምም።

ሒሳቡን እንሥራው። ግብሩ ያን ጊዜ ከመቶ 17.5 ነበረ። ዋጋው ከነግብሩ 100 ፓውንድ ከሆነ ዕቃ ላይ ለመንግሥት የሚደርሰው 14 ፓውንድ ከ89 ፔንስ ነው። ግብር የሚታሰበው በ97 ፓውንድ ተኩሉ ላይ ብቻ ከሆነ ግን 14 ፓውንድ ከ52 ፔንስ ይሆናል። ልዩነቱ 37 ፔንስ ነው። ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ ብሰጣቸው፣ «ይህ ሁሉ ለ37 ፔንስ ነው?» ብለው ሳቁ። በመቶ ሚሊዮን ፓውንድ ሽያጭ ላይ አስሉት አልኳቸው። 372 ሺሕ ፓውንድ ግድም ሲወጣ ሳቁ ጸጥ አለ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጀመሪያው ችሎት ዴበንሃምስ ተረታ፤ በ2004 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ረታ፤ በሐምሌ 2005 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ገዢው ውል የተዋዋለው ከመደብሩ ጋር ብቻ ነው፣ ሙሉውን ዋጋም የከፈለው ለመደብሩ ነው ብሎ ለመንግሥት ፈረደ። ከ2000 እስከ 2005 አምስት ዓመት መሆኑን እንይ። በዚህ መካከል ሌሎች መደብሮችም ዘዴውን ይዘውት ነበር። የሸሺው ትርፍ ያለው በዚህ የጊዜ ርዝመት ላይ ነው። ዘዴው በመጨረሻ ቢወድቅ እንኳ፣ መንግሥት እስኪያውቅ፣ አውቆም ሕጉን እስኪጠግን ድረስ ብዙ ገበያ ይውላል።

እንግዲህ ፓርላማው ያሰበው ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው። ከነሐሴ 1 ቀን 2004 ጀምሮ፣ በዓመት ከ600 ሺሕ ፓውንድ በላይ የሚሸጥ ነጋዴ፣ መንግሥት ቁጥር ሰጥቶ ከዘረዘራቸው ዘዴዎች በአንዱ ከተጠቀመ ቁጥሩን ጠርቶ እንዲያስታውቅ ታዘዘ። የካርዱ ዘዴም ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱ ነበረ። ሽያጩ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ደግሞ፣ ዘዴው ባይዘረዘርም፣ አጠራጣሪ ምልክት ካለበት ያስታውቅ ተባለ። ከምልክቶቹ አንዱ ዘዴው በምሥጢር እንዲጠበቅ መዋዋል ነው፤ ሌላው የአማካሪው ዋጋ ግብሩ በቀነሰ መጠን የሚከፈል መሆኑ ነው። የተዘረዘረውን ዘዴ ያላስታወቀ፣ በዘዴው ካተረፈው ግብር ከመቶ 15 ይቀጣል፤ ምልክት ያለበትን ያላስታወቀ 5 ሺሕ ፓውንድ።

በእኔ አስተያየት የዚህ ሕግ ድካም ጥያቄውን ለባለሱቁ ማቅረቡ ነው። ዘዴውን የፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ባለሱቁ አይደለም። ሕግና ሒሳብ የተማረ አማካሪ በቢሮው ተቀምጦ ያበጀዋል፤ ከዚያ እንደ ልብስ እየሰፋ ለአሥርም ለሃያም ይሸጠዋል። እኛም ኮሌጅ ገብተን የተማርን ሰዎች፣ ትምህርት ለዚህም እንደሚውል ማወቅ አይከፋንም። ከጥር 1 ቀን 2018 ጀምሮ የጸናው አዲሱ ሕግ ይህን አቃንቶታል። አሁን በመጀመሪያ የሚጠየቀው የዘዴው ሻጭ ነው፤ በ31 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። የግብር መሥሪያ ቤቱ ለዘዴው መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ሻጩ ቁጥሩን ለደንበኞቹ ያስተላልፋል፤ ደንበኞቹም ለመሥሪያ ቤቱ ያሳውቃሉ። በዚህ መንገድ የአንዱ ዘዴ ተጠቃሚዎች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይታያሉ። ዝም ያለ ሻጭ በቀን እስከ 600 ፓውንድ ይቀጣል፤ ይህ ካላስፈራው ዳኞች እስከ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ሊያደርሱት ይችላሉ። ሕጉም ከተጨማሪ እሴት ታክስ አልፎ በመጠጥ፣ በትምባሆ፣ በነዳጅ፣ በውርርድ፣ በአውሮፕላን መንገደኞችና በጉምሩክ ቀረጥ ላይ ተዘርግቷል።

ሕጋዊ ነገር የሠራ ሰው ዝም በማለቱ ብቻ ለምን ይቀጣል የሚል ተከራካሪ አለ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እኔ የምመልሰው ግን፣ ገንዘቡ የተሰበሰበው ከገዢው ኪስ ነውና፣ አደራ ተቀባይ እንዴት እንደ ያዘው ቢጠየቅ ግፍ አይባልም ብዬ ነው። ይልቅስ የሚያሳስበው ሌላ ነው። መለያ ቁጥር መስጠት ዘዴውን ማጽደቅ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም ዘዴን አላጸድቅም ብሎ ደጋግሞ አስታውቋል። ቁጥሩን ግን እንደ መንግሥት ማኅተም እያሳየ ገበያ የሚጠራ ሻጭ አይጠፋም።

ስለ ጠበቆች አንድ ነገር ቀርቷል። ዘዴውን ያወጣው ጠበቃ ከሆነ፣ ደንበኛው ያማከረውን ምሥጢር እንዲያወጣ ሕጉ አያስገድደውም። ያን ጊዜ የማስታወቁ ግዴታ ወደ ደንበኛው ወደ ራሱ ይዞራል፤ ሻጩ ከብሪታንያ ውጭ ተቀምጦ ዝም ባለ ጊዜም እንዲሁ ነው።