የሬዲዮ ሞገድ አከፋፈል ገጠሩንም ያስብ

ድሬዳዋ፣ መጋላ፦ ስልክ በማይሰማበት ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ማሽላውንና አትክልቱን ጭኖ ሌሊት ይነሣል። የቀፊራን ገበያ ዋጋ የሚያውቀው ግን መጋላ ደርሶ ሸክሙን ካወረደ በኋላ ነው። ዋጋው ወድቆ ቢያገኘውም ጭነቱን መልሶ አይወስድም።

የዚህ ችግር ምክንያት የምሰሶ እጥረት ብቻ ተደርጎ ይገመታል። ከምሰሶው በስተጀርባ ግን የሬዲዮ ሞገድ አከፋፈል አለ። የተንቀሳቃሽ ስልክ ድምፅ የሚጓዘው በዚህ ሞገድ ሲሆን፣ ሁለት ድርጅቶች በአንድ አካባቢ አንዱን ሞገድ እኩል ቢጠቀሙበት ድምፁ ይደበላለቃል። ስለሆነም ሞገድ እንደ መስኖ ውሃ ከፋይ ዳኛ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚያከናውነው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ሞገድ ሁሉ አንድ አይደለም። በ800 እና በ900 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ከአንድ ምሰሶ ተነሥቶ ሩቅ ስለሚደርስ ለተበታተኑ የገጠር መንደሮች ይስማማል። ከፍተኛው ሞገድ ብዙ መልእክት ቢሸከምም ሩቅ ስለማይሄድ ይበልጥ የሚመቸው ለከተማ ነው።

ሞገዱን ማን፣ በምን ዋጋና በምን ግዴታ እንደሚይዝ የሚወስነው መንግሥት በመሆኑ ገበያውም የሚቀረጸው በዚያው ውሳኔ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ሞገድ አጫርታ 22.5 ቢሊዮን ፓውንድ ሰብስባለች። ሕንድ በ2008 ቀድሞ ለቀረበ በሚል አሠራር የሰጠቻቸውን 122 ፈቃዶች ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2012 ሰርዟል። ጀርመን ግን በ2010 ዝቅተኛውን ሞገድ ስትሸጥ፣ ገዢዎቹ አገልግሎት ያልደረሳቸውን ትናንሽ የገጠር መንደሮች አስቀድመው እንዲያዳርሱ፣ ወደ ትልልቅ ከተሞች የሚያልፉትም ከዚያ በኋላ እንዲሆን አስገድዳለች።

በኢትዮጵያ በኩል፣ በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን በግንቦት 2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አሸንፎ፣ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሁሉ አስቀድሞ ሥራ የጀመረው በድሬዳዋ ነው። በዚህም ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ይዞት የነበረው ገበያ ተፎካካሪ አገኘ። ፈቃዱ እስከ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱ ለሕዝቡ 25 በመቶ እንዲደርስ ያስገድድ ነበር። ኩባንያው ሥራ ሲጀምር ይህን ለመፈጸም ያቀደው 25 ከተሞችን በማዳረስ ነበር።

ሊጤን የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሕዝብ ብዛት ብቻ የሚለካ ግዴታ መጀመሪያ የሚሞላው በከተሞች ነው፤ ገበሬው ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ወደፊት ሞገድ ሲሰጥ ወይም ፈቃድ ሲታደስ ግዴታው በገጠር ቀበሌዎች ስም ተዘርዝሮ መቆጠር ይኖርበታል። ይህ ለኩባንያዎች ወጪ እንደሚያበዛ አይካድም። ይሁንና መንግሥት ከሞገዱ ዋጋ ጥቂት ቀንሶ የገጠሩን ግዴታ ቢያጠብቅ፣ ለአንድ ጊዜ ከሚገኝ ገንዘብ የበለጠ የሚዘልቅ ጥቅም ይገኛል።

የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ስልክ የማይሰማባቸውን መንደሮች፣ የነዋሪውን ብዛትና የሚጋርደውን ተራራ በቃለ ጉባኤ መዝግበው በማኅተም አስደግፈው በአስተዳደሩ በኩል ለባለሥልጣኑ ቢያቀርቡ፣ ጥያቄያቸው ከአቤቱታ አልፎ ማስረጃ ይሆናል። ሞገድ በዓይን አይታይም፤ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ግን እንደ መሬትና እንደ ውሃ ነው።